የጠቆማችሁት መጽሐፍ እንዲነበብ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

“ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ” የሚል ጥያቄ አንባቢዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አይጠፋም። መልሱም አይዘገይም። አንዱ ሦስት ርዕስ ይጠራል፣ ሌላው አምስት ይጨምራል፣ ሌላዋ “እሱማ የግድ ነው!” ትላለች። ጠያቂው አመስግኖ ርዕሶቹን ስልኩ ላይ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አንዱንም አይገልጥም። ከወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል።

እዚህ ላይ መጽሐፎቹ ምንም አላጠፉም። ጠያቂው ምን እንደሚወድ አልተናገረም፣ ጠቋሚዎቹም አልጠየቁትም። ሁለቱም ነገር ሊስተካከል ይችላል። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ሂዱባቸው። በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አትዝለሉ። የራሱን ጣዕም በቅጡ ያላወቀ ሰው የሌላውን ማወቅ ይከብደዋል።

ደረጃ 1፦ ያነበባችሁትን አውጡና ጻፉ

ወረቀት ያዙ። የስልክ ማስታወሻም ይሆናል። ሦስት ዝርዝር አዘጋጁ፦

ሀ. ስላለቁ ቅር ያላችሁ መጻሕፍት
ለ. ጀምራችሁ የተዋችኋቸው
ሐ. ሰው ሁሉ ሲያደንቃቸው እናንተ ግን ያልጣሟችሁ

ከእያንዳንዱ ሦስት አራት ይበቃል። ብዙ ሰው “ሀ”ን ብቻ ጽፎ ያቆማል። ስለ ጣዕማችሁ ይበልጥ የሚናገሩት ግን “ለ” እና “ሐ” ናቸው። ደስ ያለንን ነገር አጠቃለን እናልፈዋለን፣ ያሰለቸንን ግን ለይተን እናስታውሳለን።

ጥንቃቄ፦ የሚያስከብራችሁን ዝርዝር አትጻፉ። ከባድ የፍልስፍና መጽሐፍ ሽፋኑ ስለሚያምር ብቻ “ሀ” ውስጥ አይገባም። አንድ ሌሊት ሳትተኙ የጨረሳችሁት ቀላል የፍቅር ልቦለድ ካለ እሱ ይግባ። በቀላል ንባብ ማፈር ለጥቆማ ትልቅ እንቅፋት ነው። የምታፍሩበትን ከደበቃችሁ፣ የሚጠቁማችሁ ሰው ለእናንተ ሳይሆን መስላችሁ ለቀረባችሁት ሰው ነው የሚጠቁመው።

አሁን ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ለምን? “ደስ ይላል”፣ “ይመቻል”፣ “ደባሪ ነው” አይሠራም። እንዲህ ዓይነት መልስ ከመጣ “ምኑ?” ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ደግማችሁም ጠይቁ፦

“ደስ ይላል።” ምኑ? “ሰዎቹ።” ምናቸው? “ሲያጠፉ እንኳ ለምን እንዳጠፉ ይገባኛል።”

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ ቁሙ። የምትፈልጉት እሱን ነው።

ምንም ካልመጣላችሁ፦ መጽሐፉን ሳትከፍቱ ቀድሞ ትዝ የሚላችሁን ነገር ያዙ። ሰው ነው? ቦታ ነው? አንድ ድርጊት ነው? ወይስ አንድ ዓረፍተ ነገር? ቀድሞ የመጣው ነገር መጽሐፉ በምን እንደያዛችሁ ይናገራል።

ደረጃ 2፦ በየትኛው በር እንደምትገቡ ለዩ

አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል ለዚህ ሥራ የሚመች መንገድ አላት። አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪክ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት እና ቋንቋ። አራቱም በአብዛኛው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። ልዩነቱ የትኛው ሰፍቶ የትኛው እንደጠበበ ነው።

የታሪክ በር። “ቀጥሎ ምን ሆነ?” እያላችሁ ገጽ የምትገልጡ ከሆነ በራችሁ ይህ ነው። ረጅም ገለጻ ሲመጣ ዓይናችሁ ወደ ታች ይሮጣል።

የገጸ ባሕርይ በር። መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ስለ ሰዎቹ እንደምታውቋቸው ሰዎች ታወራላችሁ። “እሷ እኮ መታገሥ አልነበረባትም” ትላላችሁ። ድርጊቱ ጥቂት ቢሆንም አይከፋችሁም።

የመቼት በር። ቦታውንና ዘመኑን ማየት ነው የምትፈልጉት። መንገዱ፣ ቤቱ፣ የሰዉ አኗኗር በደንብ ካልተሳለ ታሪኩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላችኋል።

የቋንቋ በር። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆማችሁ ደግማችሁ ታነባላችሁ። ለሰው ጮክ ብላችሁ ታነቡለታላችሁ። ዓረፍተ ነገሩ ከሻከረ፣ ታሪኩ የፈለገውን ያህል ቢያጓጓ መጽሐፉን ታስቀምጡታላችሁ።

በደረጃ 1 የጻፋችኋቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ በእነዚህ በሮች መድቡ። “ለ” ዝርዝር ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የእናንተ በር የጠበበባቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ የምለው “የወንጀል ልቦለድ እወዳለሁ” ማለት ስለማይበቃ ነው። ሁለት የወንጀል ልቦለዶች ውሰዱ። አንዱ በየምዕራፉ መጨረሻ አዲስ ፍንጭ እየጣለ ያስሮጣል። ሌላው ገዳዩን ከመጀመሪያው ይነግራችሁና ቀሪውን ሁሉ የሟች እናት ሐዘን ላይ ይቆያል። በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንባቢያቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። የዘውግ (የመጽሐፍ ዓይነት) ስም መጽሐፉ የት እንደሚቀመጥ እንጂ ማን እንደሚወደው አይናገርም።

በሩን ከለያችሁ በኋላ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንዱ ፍጥነት ነው፦ የሚሮጥ ወይስ ዝግ የሚል? ሁለተኛው ስሜት ነው፦ የሚያስቅ፣ የሚከብድ፣ የሚያሰጋ፣ የሚያጽናና? አንባቢን በማማከር ሥራ ላይ ብዙ የጻፈችው ጆይስ ሳሪክስም ፍጥነትን አንባቢን ከመጽሐፍ ጋር ከሚያገናኙት ዋና ዋና ነገሮች ትቆጥረዋለች። በተግባርም ጥቆማ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ያልሆነለት ሰው “አልገባልኝም” ብሎ ይተወዋል።

የታሪክ፣ የሳይንስ ወይም የሕይወት ታሪክ መጻሕፍት አንባቢ ከሆናችሁም ዘዴው ይሠራል። ጥያቄው ትንሽ ይለወጣል፦ እንደ ትረካ የሚፈስ ነው የምትፈልጉት፣ ማስረጃ ደርድሮ የሚሟገት፣ ወይስ እንደ መማሪያ የሚያብራራ?

ደረጃ 3፦ ጣዕማችሁን በአራት መስመር ጻፉ

ከላይ የሠራችሁትን ወደ አጭር መግለጫ አምጡት። አራት ነገር ይኑረው፦ በራችሁ፣ የምትመርጡት ፍጥነትና ስሜት፣ ምሳሌ የሚሆን አንድ የወደዳችሁት መጽሐፍ ከነምክንያቱ፣ እና የማትፈልጉት ነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

“ልቦለድ የማነበው ለሰዎቹ ብዬ ነው። ዝግ ያለ ትረካ አይከብደኝም፣ ግን ውይይት ይብዛበት። በቅርቡ የወደድኩት ስለ ሁለት የተኳረፉ እህትማማቾች ነው፤ ማናቸው ልክ እንደሆኑ እስከ መጨረሻው መወሰን አልቻልኩም። ጭካኔ በዝርዝር የሚተረክበትን አልችልም።”

በምሳሌው ቦታ የመጽሐፉን ርዕስ ጨምሩበት። ሆኖም ርዕስ ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። አንድን መጽሐፍ አሥር ሰው በአሥር ምክንያት ይወደዋል፣ የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረ ማንም አያውቀውም።

መግለጫውን በየጊዜው አድሱት። ጣዕም ይለወጣል። ሥራ ሲበዛ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሐዘን ሲደርስ የሚነበበው ነገር ሌላ ነው።

ደረጃ 4፦ ጥቆማ ስትጠይቁ

መግለጫችሁን ላኩ፣ ከዚያ ሦስት ነገር አክሉ፦

1. አሁን ምን ዓይነት ንባብ ላይ ናችሁ? ከሥራ መልስ ለሃያ ደቂቃ የምትገልጡት እና ለረጅም ዕረፍት የምትይዙት አንድ አይደለም።
2. በምን ቋንቋና በምን መልክ ነው የምታነቡት? በታተመ፣ በስልክ፣ ወይስ በድምፅ?
3. ቀድሞ ያነበባችሁት ምን አለ? ሁሉም ሰው የሚጠቁማቸውን ሁለት ሦስት መጻሕፍት አስቀድማችሁ ጥቀሱ፤ ያለዚያ መልሱ ሁሉ እነሱ ይሆናሉ።

ጥያቄያችሁ መልስ ካጣ ረዝሞባቸው ይሆናል። ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር አውርዱት፦ “ይህን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ምክንያት የሚመሳሰለው ምን አለ?”

ደረጃ 5፦ ከመጠቆማችሁ በፊት ጠይቁ

አሁን ተራው የእናንተ ነው። አንድ ሰው መጽሐፍ ጠቁሙኝ አላችሁ። ርዕስ ወደ አፋችሁ ሲመጣ ያዙት። መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦

“እስቲ በመጨረሻ የወደድከውን አንድ መጽሐፍ ንገረኝ።”

ትልቅ ሰው ከሆኑ በአንቱታ፣ የሥራ ባልደረባ ከሆነች በአክብሮት ለውጡት፣ ጥያቄው ግን ይኸው ነው። “ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?” ብላችሁ አትጀምሩ። ያ ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል፣ “ሁሉንም” ወይም “ብዙም አላነብም” ብሎ እንዲያመልጥም ያደርገዋል። አንድ መጽሐፍ ማስታወስ ግን ለማንም አይከብድም።

መልሱን ስትሰሙ ቅጽሎቹንና የሚዘገይበትን ነገር አዳምጡ። ስለ ሰዎቹ እያወራ ነው? ስለተፈጠረው ነገር? ስለ ቦታው? በሩን ራሱ ይነግራችኋል። ቀጥላችሁም “አሁን እንደሱ ያለ ነው ወይስ ሌላ ነገር?” በሉት። ይህቺ ሁለተኛ ጥያቄ ትረሳለች። ሰው ከባድ መጽሐፍ እንደጨረሰ ሌላ ከባድ ይፈልጋል ማለት አይደለም።

ሰውየው ንባብ ያልለመደ ከሆነስ? የወደደውን ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ጠይቁት። በሮቹ እዚያም አንድ ናቸው።

ደረጃ 6፦ አንድ ምረጡ፣ ቢበዛ ሁለት

አሥር ርዕስ መላክ ልግስና ይመስላል፣ ግን የመምረጡን ሥራ መልሶ ለጠያቂው መስጠት ነው። አንድ ስጡ። ከተጠራጠራችሁ ሁለት፦ አንዱ ከለመደው የሚቀርብ፣ ሌላው በአንድ እርምጃ ብቻ የሚርቅ። በበርም፣ በፍጥነትም፣ በስሜትም የሚርቅ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ አትስጡ።

ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 ባሳተማቸው አምስት ሕጎች ውስጥ ለእያንዳንዱ አንባቢ የራሱ መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍም የራሱ አንባቢ አለው የሚሉ ሁለቱን አስፍሯል። ሁለተኛውን ጠቋሚዎች ይዘነጉታል። የምትወዱት መጽሐፍ አንባቢ አለው፣ ፊታችሁ ያለው ሰው ግን እሱ ላይሆን ይችላል። እንደዚያ ከመሰላችሁ ሌላ ቀን ለሌላ ሰው አቆዩት።

ያላነበባችሁትን መጽሐፍ እንዳነበባችሁ አድርጋችሁ አትጠቁሙ። “እኔ አላነበብኩትም፣ እንዳንተ ዓይነት ጣዕም ያላት ሰው ግን ወዳዋለች” ማለት በቂና ታማኝ ነው።

ደረጃ 7፦ ጥቆማውን ጻፉ

ከአምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

አንደኛ፣ ከሰውየው ጀምሩ። “የሰዎቹ ጸጸት እንደያዘህ ስላወራኸኝ ይህን አሰብኩልህ።” ይህቺ ዓረፍተ ነገር ጥቆማው ለእሱ የታሰበ መሆኑን ታሳያለች። እንዲያነበው የምታደርገውም እሷ ናት።

ሁለተኛ፣ መነሻውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩ። ማን ነው? ምን ገጠመው? እዚያ ላይ አቁሙ።

ሦስተኛ፣ የንባቡን ሁኔታ ግለጹ። ፍጥነቱን፣ ስሜቱን፣ ርዝመቱን።

አራተኛ፣ እንቅፋቱን ሳትደብቁ ተናገሩ። “የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ስም ይበዛባቸዋል። ሦስተኛው ላይ ይቀላል።” ይህን ያልተነገረው አንባቢ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይተዋል። የተነገረው ግን ይታገሣል። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ መያዝ ብትችሉ ይህን ያዙ እላለሁ።

አምስተኛ፣ ሊያምም የሚችለውን ጠቁሙ። የልጅ ሞት፣ መደፈር፣ ራስን ማጥፋት፣ በዝርዝር የተተረከ ስቃይ ካለበት በጥቅሉ ተናገሩ። “የልጅ ሞት አለበት፤ ካልተመቸህ ሌላ እፈልግልሃለሁ” ይበቃል። ሰውየው በቅርቡ ምን እንደደረሰበት ላታውቁ ትችላላችሁ።

ስድስተኛ፣ የሚያገኝበትን መረጃ ስጡ። ሙሉ ርዕስ፣ የደራሲ ስም፣ ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስም። የአንድ መጽሐፍ ሁለት ትርጉሞች በንባብ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ፣ ስለዚህ የተርጓሚውን ስም አትዝለሉ። የተለየ እትም ካሰባችሁ አይኤስቢኤን (የእትሙ መለያ) ቁጥሩን ላኩ፤ ከ2007 ወዲህ 13 አኃዝ ነው፣ ከዚያ በፊት የታተሙት 10 ነው የሚይዙት። ጠንካራና ስስ ሽፋን ያላቸው እትሞች የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ተከታታይ መጽሐፍ ከሆነ ከየትኛው ቅጽ እንደሚጀመር ተናገሩ። የተወሰነ ቦታ ስትጠቅሱም ገጽ ሳይሆን ምዕራፍ ጥቀሱ፤ ገጽ ከእትም እትም ይለያያል፣ ስልክ ላይ ደግሞ የፊደሉ መጠን ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ተሰብስቦ እንዲህ ይሆናል፦

“የሰዎቹ ጸጸት እንደያዘህ ስላወራኸኝ ይህን አሰብኩልህ። ጡረታ የወጣ ዳኛ ከዓመታት በፊት የፈረደበትን ሰው መንገድ ላይ ያገኘዋል። ዝግ ብሎ የሚሄድ ነው፣ አጭር ነው፣ ስሜቱ ከባድ ቢሆንም ተስፋ አያስቆርጥም። መጀመሪያው ላይ የፍርድ ቤት ቋንቋ ይበዛል፤ ከምዕራፍ ሦስት በኋላ ይቀራል። የእስር ቤት ድብደባ በአንድ ቦታ አለ።”

ከሥሩ ርዕሱና ደራሲው ይገባሉ።

የማይጻፉ ነገሮች፦

“የግድ ማንበብ አለብህ” አትበሉ። ንባብን የቤት ሥራ ያደርገዋል።

“ካልወደድከው ንባብ አይገባህም” ዓይነት ነገር ለቀልድም ቢሆን አትጻፉ። ያ ሰው ቢሰለቸው ለእናንተ እውነቱን አይነግራችሁም።

አምስት ኮከብ ሰጥታችሁ አትለፉ። ኮከብ እናንተ ምን ያህል እንደወደዳችሁት ይናገራል። ለሌላው ሰው ይስማማው እንደሆነ አይናገርም።

ደረጃ 8፦ መጨረሻውን አትናገሩ

መጨረሻውን መናገር እንደሌለባችሁ ታውቃላችሁ። የሚያመልጠው ሌላ ነው፦ “መጨረሻው ፈጽሞ ያላሰብከው ነው!” ይህን የሰማ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወጥመዱን ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ያገኘዋል። ያልተጠበቀ ነገር መኖሩን ራሱ አትናገሩ።

የምትጠቅሱት ነገር ሁሉ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ሩብ ይሁን። ስለ መጨረሻው ማውራት የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከጨረሰ ሰው ጋር በብዙኃን ፊት ስትወያዩ፣ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁና ጽሑፉን ሸፍኑት። ቴሌግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ መሸፈን ትችላላችሁ፤ ማየት የፈለገ ነክቶ ይከፍተዋል።

አምልጧችሁ ከተናገራችሁ፦ መልእክቱን ወዲያው አጥፉ፣ ያነበበውን ሰው ይቅርታ ጠይቁ፣ ሌላ መጽሐፍ ስጡት። “ምንም አይደለም፣ ቢያውቁትም ይነበባል” ብላችሁ አትከራከሩ። ያን የሚወስነው እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ከላካችሁ በኋላ

ዝም በሉ። “ጀመርከው? የት ደረስክ?” እያላችሁ አትነዝንዙ። ሰውየው ራሱ ሲያነሳው “ምኑ ያዘህ?” ብላችሁ ጠይቁ። “ወደድከው?” ከሚለው ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ጥቆማ መነሻ ይሰጣችኋል። መልሱን በማስታወሻችሁ ያዙ።

“ሶፍት ኮፒ ላክልኝ” መባሉ አይቀርም። ያለ ፈቃድ የተቀዳ ፒዲኤፍ አትላኩ። ደራሲውም ተርጓሚውም የሚኖሩት ከዚያ መጽሐፍ ነው። የታተመው ካላችሁ አውሱት፣ ከሌላችሁ በቤተ መጻሕፍት እንዲፈልግ ንገሩት።

ነገሩ ሲበላሽ

“አሰለቸኝ” ቢላችሁ። መጽሐፉን አትከላከሉ። “የት ላይ?” በሉት። ገና መጀመሪያው ላይ ከሆነ ፍጥነቱ አልሆነለትም። መሃል ላይ ከሆነ ከሰዎቹ አንዱ አናዶታል ወይም ታሪኩ ቆሞበታል። ሁለቱም ለሚቀጥለው ምርጫ ይረዷችኋል።

ለመተው አፍሮ ከቆየ። ነፃ አውጡት። ናንሲ ፐርል ለዚህ ቀላል ስሌት አላት፦ ዕድሜህ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 50 ገጽ አንብብ፣ ከዚያ ካልሳበህ ተወው። ከ50 በላይ ከሆንክ ዕድሜህን ከ100 ቀንስ፤ የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ይበቃዋል። ስሌቱን ከጥቆማው ጋር አብራችሁ ብትልኩት ደግሞ ሰው በድፍረት ይጀምራል።

የእናንተን ተወዳጅ መጽሐፍ ቢያንቋሽሽ። ያማል፣ በተለይ መጽሐፉ በክፉ ቀን የደረሰላችሁ ከሆነ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስትጠቁሙ አስቀድማችሁ “ይህ ለእኔ ልዩ ነው፤ ላንተ ላይሆን ይችላል” ብትሉ ሁለታችሁም ትድናላችሁ። ክርክሩ ከመጽሐፉ ወደ ሰው ከዞረ ጉዳዩን አቁሙት።

እናንተ የተጠቆመላችሁን ካልወደዳችሁት። “አመሰግናለሁ፣ ገና አልጀመርኩትም” እያላችሁ ዓመት አትግፉ። “ቋንቋውን ወድጄዋለሁ፣ ታሪኩ ግን አልንቀሳቀስ አለኝ” በሉ። ጠቋሚው ቀጣዩን የሚያስተካክለው ይህን ሲሰማ ነው።

ጣዕማችሁ ከአንድ ሰው ጋር በፍጹም ካልገጠመ። እሱ የወደደው ሁሉ እናንተን ካሰለቸ፣ የጠላውም ሁሉ ከጣማችሁ፣ ያንን ሰው አትሽሹት። ደጋግሞ የሚለያያችሁ ሰው ደጋግሞ ከሚገጥማችሁ እኩል ይጠቅማል። አንድ መጽሐፍ “ምንም ነገር አይፈጠርበትም፣ ሰዎቹ ዝም ብለው ያወራሉ” ብሎ ሲያጣጥል ከሰማችሁት፣ የእናንተም በር ገጸ ባሕርይ ከሆነ፣ ርዕሱን ጠይቁትና በቀጣዩ ንባባችሁ ዝርዝር ላይ ከላይ አስገቡት።